የምድጃ መደርደሪያ ለገና፦ በፕላስተር የሰቀልኩት ጥድ

ደብረ ማርቆስ በታኅሣሥ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ምድጃ ያለው ሰው ታዲያ ለገና ሊያነድበትም፣ ከላዩ ያለውን መደርደሪያ በጥድ ሊያስጌጥም ያምረዋል። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ሞከርኩ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። መደርደሪያዬ 1 ሜትር ከ60 ነው፤ በየጫፉ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲንጠለጠል 2 ሜትር ከ80 የቃጫ ገመድ ቆረጥኩ። ቅጠሉ ከአጥር የተከረከመ የፈረንጅ ጥድ ነው። የሐበሻው ጥድ ለጋው እጅ ይወጋል፤ ከደብር ደን መቁረጥ ደግሞ አይታሰብም። ሠላሳ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር የሆኑ 40 ያህል ቅርንጫፎች ሁለት ሁለቱን በቀጭን ሽቦ ገመዱ ላይ ማሰር ነው፤ የኋለኛው የፊተኛውን ግማሽ ከሸፈነ ሽቦው አይታይም። በ27 ተቆርጦ ባልዲ ውሃ ውስጥ ያድርና በ28 ይሰቀላል። በዘመነ ዮሐንስ ገና 28 ስለሚውል አንድ ቀን ቀንሱ።

ጉዱ ያለው አሰቃቀሉ ላይ ነው። እርጥብ ጥድ ተጎንጉኖ ሲያልቅ ሁለት ኪሎ ያህል ይከብዳል። እኔ በፕላስተር ለጠፍኩት፤ ሻጩ «ሙቀት ይችላል» ብሎኝ ነበር። አይችልም። ከምድጃው የሚወጣው ሙቀት ሽቅብ ሄዶ ማስቲሹን ያለሰልሰዋል፣ የኖራ ቀለምም ከነፕላስተሩ ተልጦ ይመጣል። ጥዱ መጀመሪያ መሃሉ ላይ ረገበ፣ ከዚያ አንዱ ጫፍ ከነልጣጩ ወረደ፤ የወረደው ደግሞ እሳቱ አፍ ላይ ነው። ጥድ ዘይት አለው፤ ሲደርቅ እንደ ችቦ ነው የሚቀጣጠለው። «ውሃ እርጩበት» የሚሉ አሉ፤ ላዩ ላይ የተረጨ ውሃ እሳት አጠገብ ምን ያህል ይቆያል?

አሁን የማደርገው ይህን ነው። የመደርደሪያውን ርዝመት ያህል ጣውላ ላይ አምስት ሚስማር እመታለሁ፤ ገመዱን ሚስማሮቹ ላይ አስራለሁ፤ ጣውላውን መደርደሪያው ላይ አስተኝቼ በሁለት የወፍጮ መጅ እጫነዋለሁ። መጆቹን ከፊታቸው የአለላ ሙዳይ ይሸፍናቸዋል። ግድግዳው አይበሳም፣ ቀለም አይላጥም። ጥዱ እስካለ ድረስ ግን ምድጃው አይነድም! ብርድ ከሆነ ጋቢ ደርቡ፤ ባዶው ምድጃ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ትንንሽ መብራት ይቀመጥ፣ መብራት ቢጠፋም ይበራል። ጧፍ እዚያ አካባቢ አታቁሙ።

ከጥምቀት በፊት ይውረድ። የደረቀውን ምድጃው ውስጥ አትማግዱት፤ እየተንጣጣ ፍንጣሪውን ምንጣፍ ላይ ይረጨዋል። ሽቦውን ፈትታችሁ አስቀምጡት፣ ለከርሞ ያገለግላል።