ዱላ በር ላይ፣ ሆያ ሆዬ ውስጥ

ባንክ የሚሰራ ሰው "ሲስተም የለም" የምትለዋን ነገር በቀን ስንቴ እንደሚላት እሱና ፈጣሪ ናቸው የሚያውቁት። ደንበኛው ደግሞ አያምንህም። ብሩ ካዝና ውስጥ አለ፣ ካሸሯ እኔ አለሁ፣ ባለብሩም ቆሟል፣ ግን ቅርንጫፉ ከዋናው መስሪያ ቤት ሰርቨር ጋር ካልተገናኘ ባላንስ ስለማይታየኝ አስር ብር እንኳን መክፈል አልችልም፣ እና ይሄንን ለእያንዳንዱ ሰው በመስታወቱ ቀዳዳ አጎንብሶ ማስረዳት ነው እንግዲህ እንጀራችን።

ነሐሴ ነው፣ ቡሄ ሊገባ ትንሽ ቀን ሲቀረው። የሚገርም ዝናብ እየጣለ ኔትወርኩ ከረፋዱ ሄደ፣ ሰዉ ደግሞ ውጪ ዝናብ ስለሆነ አይወጣም፣ ወንበሩ ሞልቶ ፎርም መሙያው ጠረጴዛ ላይ ሁሉ ተደግፈው ቆመዋል። ሱፍ የለበሰ አንድ ሰውዬ እኔን ከያዘኝ ቆይቷል። "እህቴ የራሴን ብር እኮ ነው" ይለኛል፣ "አውቃለሁ ወንድሜ" እለዋለሁ፣ ሄዶ ይቀመጥና ተመልሶ ይመጣል። ሌሎቹም ያው ናቸው፣ ማንም ከማንም አያወራም፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አልፎ አልፎ ቀና ሲል እኛን በክፉ አይን ያየናል።

በዚህ መሀል የሰፈር ልጆች በረንዳው ላይ ዝናብ ሊያስጠልሉ መጡ። ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩ የዋሉ ናቸው፣ ውሀ የጠጣ ሹራብ፣ እስከ ጉልበት ጭቃ፣ እያንዳንዱ ቁመቱን የሚያክል ዱላ ይዟል። ሁላችንም ጋሼ የምንለው ዘበኛችን ደግሞ በስራው ቀልድ አያውቅም፣ ስልክ የምታነሳ ደንበኛ ሳይቀር ይቆጣል። በሩን ገርበብ አድርጎ "ዱላ ይዞ ባንክ የሚገባ የት ነው ያያችሁት?" አላቸው። ግጥም የሚያወርደው ልጅ፣ ከሁሉም አጭሩ ነው፣ ምንም ሳይደነግጥ "ጋሼ ዱላውን እርሶ ይያዙልና" አለ። ሰዉ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ እዛ አዳራሽ ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያ ሳቅ ነው እላችኋለሁ። ጋሼም መሳቁን ደብቆ ዱላዎቹን አንድ በአንድ ተቀብሎ ፍተሻው ጋ ግድግዳው ላይ ደገፋቸውና "በሉ ግቡ፣ ዝም ብላችሁ ቁሙ" አላቸው።

ዝም? ልጁ ሰዉን ዞር ዞር ብሎ አየና ጀመረ።

"እዚህ ባንክ ቤት" — ሆ!
"ሰው ተደርድሯል" — ሆ!
"ሲስተም የሚሉት" — ሆ!
"የት ሄዶ ያድራል" — ሆ!

መጀመሪያ ሆ የሚሉት ልጆቹ ብቻ ነበሩ፣ ሶስተኛዋ ላይ የሴቶች ድምፅ ገባበት፣ አራተኛዋ ላይ አዳራሹ በሙሉ። ዱላ ስለሌላቸው በእግራቸው ነው የሚመቱት፣ ግን እርጥብ ጫማ ሴራሚክ ላይ ምን ድምፅ አለው፣ ይንሸራተታል እንጂ። ይሄኔ ከወደ በሩ "ድው!" የሚል ነገር ሰማሁ። ቀና ስል ጋሼ ከቀማቸው ዱላዎች አንዱን አንስቶ፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ እንዳለ፣ ፊቱን ወደ ውጪ አዙሮ ጥበቃ ላይ የሆነ መስሎ መሬቱን እየመታ ነው።

ያ ሱፍ ለባሽ ሰውዬ ግን ነው የገደለን። ድንገት ተነስቶ ልጁን በእጁ ያዝ አድርጎ "ቆይ ቆይ፣ እኔ ላውርድ" አለና፣

"ብሬን አስቀምጬ" — ሆ!
"ብሬን ለመንኩኝ" — ሆ!
"ከጠዋት ጀምሬ" — ሆ!
"እዚህ በቀልኩኝ" — ሆ!

ከመስታወቱ ኋላ ያለነው በሳቅ ሞትን። ማናጀራችን ጩኸቱን ሰምቶ ከቢሮው ሲወጣ ሰዉ ሊያባርራቸው ነው ብሎ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ፣ እሱ ግን ያሳሰበው ሌላ ነው፣ "ኧረ ሴራሚኩን ቀስ!" አለ። ሰዉም ግጥም መስሎት ይሁን አውቆ እንጃ "ሆ!" ብሎ ተቀበለው። ከዛ በኋላ ምን ይበል፣ ኪሱ ገብቶ ለልጆቹ ብር አወጣ። እነሱም ከብረው ይቆዩን ብለው መርቀው፣ ዱላቸውን ከጋሼ ቆጥረው ተረክበው ሄዱ።

ሲስተሙ ወዲያው መጣ ብል ደስ ባለኝ፣ ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። ግን የቀረውን ሰዓት የጠበቀው ሌላ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ያወራሉ። አንዲት እናት ለደብረ ታቦር በዓል አገር ቤት ሊሄዱ መናኸሪያ መኪና እየጠበቃቸው እንደሆነ ያወቅነው ያኔ ነው፣ ጠዋት ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር እኮ። ኔትወርኩ ሲመለስ ወረፋ የደረሰው ሱፍ ለባሹ ሆኖ "እማማ ይቅደሙ" አላቸው፣ ከኋላ ያለ ማንም ሰው ቃል አልወጣውም። በወረፋ ምክንያት ሰው አንገት ለአንገት ሲተናነቅ አይቻለሁ እዚሁ ቅርንጫፍ።

እኔ ሳስበው ነገሩ ያለው "ሆ" ላይ ነው። መዝፈን አትችልም፣ ግጥሙን አታውቀውም፣ ድምፅህ ያሳፍርሀል፣ ምንም ችግር የለም፣ ከአንተ የሚፈለገው አንዲት ሆ ነች፣ እሷን ካልክ በኋላ ደግሞ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ባዳ መሆን አትችልም። በጥቅምት 2005 ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 አመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፍን ቀን ስታዲየም ዙሪያ ከማላውቀው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፌ ስጨፍር ያመሸሁት ለዚህ ነው። ታላቁ ሩጫ ላይም ብዙው ሰው ለሰዓት አይደለም የሚመጣው፣ 10 ኪሎ ሜትሩን እየጨፈረ ሊጨርስ ነው። ጥምቀት ላይ ታቦት የሚያጅበውን ወጣት ማን አሰልጥኖት ነው አንዱ ሲያወርድ ሺው የሚቀበለው?

ከዚያ በኋላ ማናጀራችን አንድ ጥሩ ልማድ አመጣ፣ ሲስተም ሲጠፋ ቢሮው አይቀመጥም፣ መሀል አዳራሹ ወጥቶ ምን እንደተፈጠረ ለሁሉም በአንዴ ይናገራል፣ ጥያቄ ይቀበላል፣ ይቀልዳል። የእኛ የመስታወት ጩኸት በግማሽ ቀንሷል። ሆያ ሆዬም ሲመጣ ጋሼ ራሱ "ዱላ እዚህ፣ እናንተ እዛ" ብሎ ያስገባል።

አንድ የስራ ባልደረባችን ግን ስብሰባ ላይ "ደንበኛ ሲጠብቅ እንዳይሰለቸው ሙዚቃ ይከፈት" የሚል ሀሳብ አቀረበ፣ ከዛ ቀን የተማረው ይሄንን መሆኑ ነው። ነገሩ አንድ እንዳልሆነ ብናገርም በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ። ስፒከር ተገዝቶ ጣሪያው ላይ ተሰቅሏል፣ ቀኑን ሙሉ ለስለስ ያለ ክላሲካል ያንቆረቁራል፣ እስካሁን ግን ሆ ያለው ደንበኛ የለም፣ ባለፈው አንዱ ብቻ "እህቴ ይሄን ነገር ቀንሱልን" ብሎኛል።