በየካቲት የቀረችው አንዲት ባቄላ

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። መንዝ፣ ጓሳ አጠገብ ያለች አንዲት ቀበሌ የአየር ንብረት ለውጥን የምትቋቋምበትን እቅድ ስታወጣ ላግዝ ነው የሄድኩት።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ላይ ረዳቱ የያዝኩትን የወረቀት ጥቅል አየና «የእቃ 80 ብር» አለኝ። ክንዴ ስር የሚያዝ ወረቀት ነው እኮ! የሰው ሒሳብ ሊያክል ምንም አልቀረውም። ተከራከርኩ፣ አልሆነም፣ ከፈልኩ። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ቢሆን ግማሹ ተሳፋሪ ከወንበሩ ተነስቶ ይሟገትልኝ ነበር። እዚህ ሁሉም ዝም አለ። በጣም ተናደድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ግን ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። «ተወው ልጄ፣ እሱም ይብላበት። አንተ ይቺን ያዝ» አሉኝ።

ጣርማበር ላይ ዋሻው ጋ ሳንደርስ ወደ ግራ ታጠፍን፤ ከዚያ በኋላ እስከ መሐል ሜዳ አቧራ ብቻ ነው የማስታውሰው።

ሌሊቱን ግን አልረሳውም። ያደርኩበት ቤት መስኮት አንዱ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል። ብርድ ልብሱ ስስ ነው። ካልሲና ጃኬት ደርቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ወጥቼ ግቢው ውስጥ መንጎራደድ ጀመርኩ። ጥበቃው፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ጎጇቸው ገብተው ዝተት ይዘው ወጡ። ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራ፣ ጥቁር፣ ከባድ ነገር ነው። ባለቤታቸው ናቸው የፈተሉት። የበግ ሽታ አለው፤ ሲለብሱት ደግሞ ደረት ላይ ሰው የተኛ ያህል ይከብዳል። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት በርሜሉ ላይ ያለው ውሃ ስስ በረዶ ሠርቶ ነበር። ብር ልሰጣቸው ስል እጄን መለሱት። እሳቸው ያን ሌሊት በምን እንዳደሩ እስካሁን አሳስቦኛል።

ስብሰባው ከድንጋይ ካብ ጥግ፣ ፀሐይ ላይ ነበር። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች መጡ። አብዛኛው የአገራችን ገበሬ ክረምትን ነው የሚጠብቀው። እነዚህ ደጋዎች ላይ ግን ክረምቱ ይበርዳል፣ መሬቱ ውሃ ይቋጥራል፣ ሰብሉ ሳይደርስ ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ ኑሯቸው የበልግ ገብስ ነው። በ2007 በልጉ ሲቀር፣ ቀጥሎ ኤልኒኖ የሚባለው የውቅያኖስ ሙቀት መጨመር ክረምቱን ሲያዳክመው፣ በ2008 በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ የፈለገበትን ጊዜ እነሱ ከነበጎቻቸው ቁጥር ያስታውሱታል።

ያን 80 ብር የከፈልኩበትን ወረቀት አልዘረጋሁትም። መሬት ላይ በአመድ ክብ ሠራን፤ አሥራ ሦስት ቦታ ከፈልነው፣ ጳጉሜንም ጨምሮ። ዝናብ በባቄላ ይቆጠር ተባለ። አንድ አዛውንት የልጅነታቸውን ዘመን ደረደሩ። የካቲት ላይ አምስት፣ መጋቢት ላይ ስድስት። ከዚያ አንድ ወጣት ተነስቶ የአሁኑን ደረደረ። የካቲት ላይ አንዲት ባቄላ ብቻ አስቀመጠ። ማንም አልተቃወመውም። አንዲት እናት ብቻ ጎንበስ ብለው ሚያዝያ ላይ ከነበሩት ሁለቱን ወደ ጎን ገፉ። «ይሄስ ዝናብ አይደለም፣ በረዶ ነው። ገብሱን አፈር ያስበላው እሱ ነው» አሉ።

ትንበያውንም በባቄላ ነው ያየነው። ሜትሮሎጂ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ብሎ በመቶኛ ሲናገር ሰዉ «ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?» ብሎ ነው የሚሰማው። ለምሳሌ እንዲሆን ሃያ ባቄላ ወስጄ ዘጠኙን ለደረቁ፣ ሰባቱን ለመደበኛው፣ አራቱን ለእርጥቡ ከፋፈልኩ። አዛውንቱ ትንሽ አሰቡ። «እንዲህ ከሆነማ ዘር ሁሉ በአንዴ አይበተንም። ግማሹን እንዝራ፣ ግማሹ ጎተራ ይቆይ» አሉ። ለእኔ የእቅዱ ልብ እዚያች ላይ ነው የተጻፈው።

ከባዱ ነገር ግጦሹ ሆነ። ተዳፋቱ ይከለል ሲባል መሬት የሌላቸው ወጣቶች ተነሱ። «በጎቻችንን የት እንውሰዳቸው?» እውነታቸውን ነው። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። የፈታው የጓሳ ነገር ነው። ጓሳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫማ ሜዳ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ሣሩ የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ለዝናብ ደግሞ ገሳ ይሆናል። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚሉት የአካባቢው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋ ነበር፣ ሲከፈት ለሁሉም ባለ መብት በአንድ ቀን ይከፈት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው። ሕዝቡ ግን በኮሚቴ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ፣ በኋላም ሕጋዊ እውቅና አገኘ። «ተዳፋቱንስ እንደዚያ ብናደርገው?» አለ አንዱ። ከብት አይገባም፣ ሣሩ እየታጨደ ይወሰዳል። መጀመሪያ ባል የሌላቸው ሴቶች፣ ቀጥሎ መሬት የሌላቸው ወጣቶች ያጭዳሉ። ሌላው ከዚያ ይከተላል።

እኔ ይዤ የሄድኩት ቅጽ ላይ «ማን ቀድሞ ያጭዳል» የሚል ዓምድ አልነበረም። ችግኝ፣ እርከን፣ ኩሬ የሚሉ ነበሩ። ዓመቱም ከሐምሌ ነው የሚጀምረው፣ እንደ በጀቱ። የእነሱ ዓመት ጥር ላይ ሞፈር ሲነሳ ይጀምራል። ሐምሌ ላይ የሚታሰብ የዘር ገንዘብ የበልግ ገበሬን ምን ይጠቅመዋል? ብዙ የገጠር እቅድ በዚህ ምክንያት ከንቱ ሲቀር አይቻለሁና ዓምዱንም ወሩንም በእነሱ ቀየርኩት።

በመጨረሻ ሁለት ቅጂ ጻፍኩ። አንዱን ለቀበሌው ሰጠሁ። ሁለተኛውን ይዤ ልመለስ ስል እኒያ የበረዶዋ እናት አስቆሙኝ። «ሹሙ ይቀየራል፣ እድሩ ግን እዚሁ ነው። ለእድሩ ስጠው» አሉኝ። የእድሩ ጸሐፊ ወረቀቱን በፌስታል ጠቀለለና ከድንኳኑ ደረሰኞች ጋር ሳጥን ውስጥ አስገባው። ከዚያ መልሶ አወጣውና እስክሪብቶዬን ጠየቀኝ። ጀርባው ላይ በትልቁ «ኅዳር ሚካኤል ላይ ይነበብ» ብሎ ጻፈበት።