አስራ ሁለት ነው አስራ ሶስት?

ባለፈው ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ዩቲዩብ ላይ ስንከራተት ምን ባገኝ ጥሩ ነው፣ ዘ ራይፍልማን፣ ያ የድሮው የአሜሪካ ካውቦይ ተከታታይ ፊልም! እኛ ቤት እንኳን "ባለ ጠመንጃው" ነበር የሚባለው፣ እንግሊዝኛውን ማን ያውቃል። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ ከሻንጣው ከጫማና ከሽቶ ጋር አራት ካሴት አውጥቶ ሰጠን፣ በኛ አቆጣጠር 80ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው፣ ያኔ ደብረ ማርቆስ እኛ ሰፈር ዴክ ያለው ቤት በጣት ይቆጠር ስለነበር እሁድ እሁድ ሳሎናችን ቪዲዮ ቤት ሆኖ ቁጭ፣ ልዩነቱ እማዬ ብር አትቀበልም፣ ጭራሽ ቆሎ ታበላለች።

ለማታውቁት ሉካስ ማኬን የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ከብት አርቢ ነው፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ኖርዝ ፎርክ በምትባል የፈጠራ ከተማ አጠገብ ልጁን ማርክን ብቻውን ያሳድጋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1963 ኤቢሲ በሚባል የአሜሪካ ቲቪ ጣቢያ የታየ ነው፣ 168 ክፍል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰአት፣ ጥቁርና ነጭ። ቲቪያችን ራሱ ከለር ስላልነበረ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ያወቅኩት ገና ቅዳሜ ነው ሃሃ።

ዋናው ነገር ግን መግቢያው ነው። ሰውየው በከተማው መንገድ እየተራመደ ጠመንጃውን ወገቡ ላይ እንደያዘ ያንጣጣዋል፣ አባዬ ይቺ ጋ ስትደርስ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ቲቪው ጠጋ ይላል። አባዬ የቢቸና ሰው ነው፣ ተኩስ የለመደው በአያቴ ውጅግራ ነው፣ ውጅግራ ደሞ አንድ ታጎርሳለህ፣ አንድ ትተኩሳለህ፣ ከዛ እንደገና ታጎርሳለህ፣ ስለዚህ ጥይት ማለት እሱ ዘንድ የሚቆጠር ነገር እንጂ እንደ ውሃ የሚረጭ አይደለም። "ኧረ ለዚህ ሰውዬ ጥይቱን ማን ነው የሚገዛለት?" ይላል። ሌላው የሚያናድደው ደግሞ ሳይፎክር መተኮሱ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ዘራፍ ሳይል!

እና ቆጠረ። "አስራ ሁለት" አለ። እማዬ ጓዳ ቡና እየቆላች "አስራ ሶስት ነው" አለች።
"ሳታይው?"
"ጆሮ የለኝም?"

በቃ ከዛ በኋላ በየእሁዱ ጭቅጭቅ። እኛ ልጆቹም ለሁለት ተከፍለን ካሴቱን ወደኋላ እያጠነጠንን እየቆጠርን እየተጣላን አንድ ቀን ዴኩ ካሴቱን ጎርሶ በላው፣ ነገሩም ሳይፈታ ቀረ።

ቅዳሜ ሌሊት ፍጥነቱን ሩብ አድርጌ ቆጠርኩ። መጀመሪያ ከቅርብ ሰባት፣ ከዛ ካሜራው ሲቀየር አምስት፣ አስራ ሁለት። አባዬ ልክ ነው። ከዛ አይኔን ጨፍኜ ሰማሁት፣ አስራ ሶስት! ለካ ተኩሱ ከሙዚቃው ጋር እኩል እንዲያልቅ ብለው ድምፁ ላይ አንድ ጨምረውበት ነው። እማዬም ልክ ናት በሉኛ።

ሌላም አለ፣ አባዬ "ምላጭ ሲስብ አላየሁትም" ሲል እኛ እንስቅበት ነበር። ጠመንጃው ዊንቸስተር 1892 ነው፣ ጥይት የሚያጎርስበት ትልቅ ቀለበት ያለው ማንሻ አለው፣ እዛ ላይ የተገጠመች ብሎን ማንሻው በተዘጋ ቁጥር ምላጩን ራሷ ትገፋዋለች፣ ጣት አያስፈልግም። (ታሪኩ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው የሚባለው፣ ጠመንጃው ገና አልተሰራም ማለት ነው፣ ይሄን አባዬ ቢሰማ ኖሮ!)

ሉካስን የሚሰራው ቸክ ኮነርስ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል፣ ከትወናው በፊት ለቦስተን ሴልቲክስ ቅርጫት ኳስ፣ ለቺካጎ ከብስ ደሞ ቤዝቦል ተጫውቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በ71 አመቱ ሞተ። ልጅ እያለሁ እሱ ማለት ጠመንጃው ነበር። አሁን ሳየው ልጁን የሚያናግርበት ነገር ነው የገረመኝ፣ ያ ሁሉ ግዙፍ ሰውዬ ድምፁ ዝቅ ይልና ፊቱ ይለሰልሳል። ልጁን የሰራው ጆኒ ክሮፎርድም በ13 አመቱ ኤሚ ለሚባለው የቲቪ ሽልማት ታጭቶ ነበር፣ እሱም እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። ሁሉም ክፍል ግን ጥሩ ነው አልልም፣ በየሳምንቱ ሰው ካልሞተ ከተማዋ እንቅልፍ አይወስዳትም፣ ያ ሽማግሌው ማርሻል ሚካ ደሞዝ የሚበላው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ለእማዬ ደወልኩላት። አባዬ ካረፈ ስድስት አመቱ ነው።
"እማዬ፣ ያ ባለ ጠመንጃው፣ ድምፁ አስራ ሶስት ነው።"
"አላልኩም?"
"የሚታየው ግን አስራ ሁለት ነው፣ አባዬም ልክ ነበር።"
ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ ስል፣
"እሱማ መቁጠር ይወዳል፣ የሰርጋችን ቀን የተተኮሰውን እንኳ ቆጥሮ ነበር።"
"ስንት አለ?"
"ሰባት። እኔ ተሸፍኜ ሰምቻለሁ፣ ዘጠኝ ነው።"