ያልበራው መብራት

ከትናንት ጀምሮ የወንድሜ መኪና ነገር እያሳሰበኝ ልቤ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ግቢ ወጥቼ ኮሮላዬን አስነሣሁና ኮፈኗን ከፍቼ ቆምኩ፤ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የሚሰማው ሲጥታ እንደገና መጥቶ ነበር። በሚዞረው የዲናሞ ቺንጋ ላይ ከጠርሙስ ጥቂት ውሃ ጠብ ሳደርግ ድምፁ ለአፍታ ስለጠፋ፣ ጥፋቱ የውጭኛው ቺንጋ እንደሆነ ገባኝ።

ታይሚንግ ቺንጋ፣ ከሞተሩ ፊት ተሸፍኖ የሚዞረው ጥርሳም ቺንጋ፣ ግን እንዲህ አይጮህም። የማወጠሪያው ኩሽኔታ ሲያልቅ ያጉረመርም ይሆናል እንጂ ቺንጋው ራሱ ከሽፋኑ ኋላ በዝምታ ያረጃል፤ መኪናዋ ብትቆምም ጎማ ነውና ማርጀቱን አያቆምም። ሥራው ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር የአየርና የጭስ በሮቹን፣ ማለትም ቫልቮቹን፣ የሚከፍተውን ካም ሻፍት አንድ ጊዜ ማዞር ሲሆን፣ አንድ ጥርስ ብቻ ቢዘል ቫልቮቹ ያለ ጊዜያቸው ይከፈታሉ፤ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ለመነሣትም ያስቸግራል። ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ ካንዴላ ይቀይራል፣ ቀጥሎም ነዳጁን ይጠረጥራል፤ ወደ ቺንጋው የሚደርሰው ገንዘቡን ከጨረሰ በኋላ ነው።

ጨርሶ ከተበጠሰ ግን ለማወቅ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው (ማስነሻው) ከወትሮው ቀለል ብሎና ፈጠን ብሎ ያሽከረክራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። እንደኔዋ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባል የቤንዚን ሞተር ባላት መኪና ላይ የዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን አንስቶ፣ ሌላ ሰው ሲያስነሣ ውስጡ ያለው ሮተር ይዞር እንደሆነ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ካልዞረ ካም ሻፍቱም አልዞረም ማለት ነው። በዚህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ፒስተኑና ቫልቩ ስለማይገናኙ አዲስ ቺንጋ ገብቶ፣ ምልክቶቹ ተገጣጥመው፣ ሞተሩ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ተሽከርክሮ ምልክቶቹ ቦታቸው ከተመለሱ መኪናዋ ትነሣለች። ሁለቱን ዙር በእጅ ሳያዞር ቁልፍ የሚያዞር መካኒክ ሳይ እስከዛሬ ሆዴ ይረበሻል።

ናፍጣ ሞተር ሌላ ነገር ነው። አየሩን የሚያምቅበት ኃይል ከፍተኛ በመሆኑ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ቫልቮቹን ከያዘው የሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው፣ ጋር የሚቀረው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው፤ ቺንጋው ሲበጠስ ክፍት የቀሩትን ቫልቮች ፒስተኑ ይመታቸዋል፣ ጉዳቱም ቴስታታ እስከማስወረድ ይደርሳል። ቶዮታም ይህን ስለሚያውቅ በብዙዎቹ የቀድሞ ናፍጣ መኪኖቹ ዳሽቦርድ ላይ በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚበራ የቺንጋ መብራት አስገብቷል።

ወንድሜ የሚተማመነው በዚህች መብራት ነው። ባለፈው ወር የገዛው አሮጌ ሃይሉክስ 2ኤል የሚባል የናፍጣ ሞተር ያለው ሲሆን፣ ቆጣሪው የሚያሳየው ከ90,000 ትንሽ ከፍ ያለ ቁጥር ነው። ወንበሩ ተቀዷል፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ተልጦ ብረቱ ይታያል፤ እኔ ያንን ፔዳል እንጂ ቁጥሩን አላምንም። መብራቷ የምትቆጥረው ቆጣሪው የሚነግራትን ነው፤ ቆጣሪው ወደ ኋላ ከተመለሰ እሷም አብራ ትሳሳታለች። ሻጩ «ቺንጋው ተቀይሯል» ብሎታል፤ መቼ፣ በስንት ኪሎ ሜትር፣ የሚል ወረቀት ግን የለም። በእኛ የአሮጌ መኪና ገበያ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ አንድ ቀንና አንድ ቁጥር በሽፋኑ ላይ በቀለም መጻፍ ምንም ወጪ የለውም፣ የሚቀጥለውን ሰው ግን ከብዙ ጣጣ ያድነዋል።

ሰፈራችን ያሉት አዛውንት መካኒክ፣ ጋሽ ተ.፣ ጉዳዩን ስነግራቸው «ልጄ፣ ታሪኩን የማታውቀው ቺንጋ ያለቀ ቺንጋ ነው» አሉኝ። ለወንድሜ ይህንኑ በስልክ ብነግረው «መብራቱ ሲበራ አስቀይረዋለሁ» አለ። ሐሙስ ልጆቹን ጭኖ ወደ ጅማ ይሄዳል። የጊቤን ቁልቁለት አስባለሁ፤ ሞተር በመንገድ ላይ ሲሞት መሪው ይከብዳል፣ ለፍሬን የሚያግዘውም ኃይል ብዙ አይቆይም።

ነገ ከሥራ በኋላ መፍቻዎቼን ይዤ ቤቱ ልሄድ ወስኛለሁ። የቺንጋውን ሽፋን ከፍተን በባትሪ መብራት ጥርሶቹን፣ የተሰነጠቀ ጎማ ወይም ከኦይል ሲል (ከዘይት መከላከያው ጎማ) የሚወርድ ዘይት ካለም እሱን አሳየዋለሁ። የሚያስፈራኝ ቺንጋው ለዓይን ደህና መስሎ የተገኘ እንደሆነ ነው፤ ያን ጊዜ በምን ላሳምነው?