ከሚሄድ ሰው ጋር የሚላከው የማስታወስ ኪኒን

አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፋርማሲ የሚሠራ ሐበሻ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። «እናቴ መርሳት ጀምራለች፤ ነገ ወደ ሀገር ቤት የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ የትኛውን ልላክላት?» ጠያቂው በአንድ እጁ ከዛፍ ቅጠል የሚሠራውን ጂንኮ፣ በሌላው ፕሪቫጀን የተባለውን የማስታወስ ኪኒን ይዟል። ከሁለቱ አንዱን እንድመርጥለት ይጠብቃል። እኔ ግን «ሌላ ምን ምን መድኃኒት ትወስዳለች?» እለዋለሁ፤ ፊቱ ይጨልማል።

ከፕሪቫጀን ልጀምር፤ መደርደሪያው ላይ ሳየው ደሜ የሚፈላው በእሱ ነውና። አፖኤኮሪን የሚባለው ፕሮቲኑ መጀመሪያ የተገኘው ጄሊፊሽ ከሚባል የባሕር እንስሳ ነው። ፕሮቲን ደግሞ ከጄሊፊሽ መጣ ከሽሮ፣ ሆድ ውስጥ ገብቶ ይፈጫል። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽንና የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አምራቹን እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰሱት። ኩባንያው ራሱ ያስጠናው ጥናት ተሳታፊዎቹ በሙሉ ሲታዩ ኪኒኑ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን እንደሚሻል አላሳየም ነበር፤ ማስታወቂያው የተመሠረተው ከዚያው ጥናት ተመርጦ በወጣ ቁራጭ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ በ2024 መጨረሻ ማስታወስን ያሻሽላል የሚለውን አባባል ከለከለ። ብልቃጡ ግን አሁንም ይሸጣል፤ ያውም በውድ።

እንዴት ይሸጣል ለሚል፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እንደ ፕሪቫጀን ያለ የምግብ ማሟያ ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንደሚሠራ ማስረጃ አቅርቦ እንዲፈቀድለት አያስገድድም። ብልቃጡን አዙሩና በደቃቁ የተጻፈውን አንብቡ፤ አባባሉን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እንዳልመረመረው፣ በሽታ ለማከም እንዳልታሰበ ራሱ ይናገራል።

ጂንኮ ቢያንስ በወጉ ተፈትኗል። ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎች ገሚሱ በቀን 240 ሚሊግራም ጂንኮ፣ ገሚሱ ባዶ ኪኒን እየወሰዱ ለስድስት ዓመታት ያህል ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ የመርሳት በሽታ ከጂንኮ ወሳጆቹ 277፣ ከሌሎቹ 246 ሰዎችን ይዟል። ልዩነቱ ጎዳ የሚያሰኝ ባይሆንም ጠቀመ ለማለት ግን አያስደፍርም። የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የመድማት ስጋት ስላለው ዋርፋሪን ላይ ላሉ እናት አይላክም። (ዛፉን ዋሽንግተን መንገድ ዳር ታገኙታላችሁ። በመከር ፍሬው ሲረግፍ የከረመ ቅቤ ይሸታል።)

የዓሣ ዘይት? ጤነኛ ሽማግሌ ላይ ማስታወስን አልጨመረም። ባለብዙ ቫይታሚኑ ኪኒን ግን አስገርሞኛል፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገው ኮስሞስ የተባለ ጥናት አነስተኛ መሻሻል አሳይቷል። አነስተኛ የምትለዋ ቃል ትሰመርበት።

ከሁሉም የምቆምለት ርካሹ ቫይታሚን ቢ12 ነው፤ ለሁሉም ሰው ግን አይደለም። ሲያንስ ማስታወስን ያደክማል፣ እግር ያደነዝዛል፤ ማነሱም በደም ምርመራ ይታያል። የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች ጾም ብቻውን ቶሎ አያጎድለውም። ዕድሜ ሲገፋ ግን ከምግብ መምጠጥ ይቀንሳል፤ የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ይቀንሰዋል፤ ለጨጓራ ተብሎ ለዓመታት የሚዋጠው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ። አሁን ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ረቡዕና ዓርብን የማያፈርሱ፣ ስኳርም ጨጓራም ያለባቸውን እናት አስቡ። አክስቴ እንዲህ ነበረች። የእግሯን መደንዘዝ ሁላችንም በስኳሩ አመካኝተን ነበር፤ ሲመረመር ቢ12ዋ ወርዶ ተገኘ፤ ሐኪሟም መርፌ አዘዘላት። እግሯ ተሻላት። ቁልፏን የት እንዳኖረች ግን ዛሬም ትረሳለች፤ ይህን ካልተናገርኩ እኔም እንደ ማስታወቂያው መሆኔ ነው።

ደሙ ሲቀዳ የታይሮይድ ሆርሞንም ቢታይ መልካም ነው፤ እሱ ሲያንስም ሰው ይደነግዛል፣ ይዘነጋል።

ሌላ ምን ትወስዳለች የምለው ግን ለሜትፎርሚን ብቻ አይደለም። ከዚሁ ከእኛ ሰፈር ለእንቅልፍ ተብሎ የሚላክ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ «ፒኤም» የሚል ኪኒን አለ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ አንጎል ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል፤ አረጋውያንን ያደናግራል፣ ይጥላል። ለአረጋውያን እንዳይሰጥ የሐኪሞች መመሪያ ይመክራል። አንዳንዱ ልጅ በአንድ ሻንጣ የሚያስረሳውንም አስታዋሽ የተባለውንም አብሮ ይልካል። «ከሁለቱ የቱን ልተው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁለቱንም እላለሁ፤ በትርፉ ገንዘብ እናቱ ደማቸውን እንዲመረመሩ ይላክላቸው።