ድሬ ተቀምጦ የሙያ ወዳጅ ማፍራት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። ካለፈው ማስታወሻዬ ወዲህ የተለወጠውን ላካፍላችሁ። ለአዲሶቹ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ እየኖርኩ በግሌ ግራፊክ ዲዛይን እሠራለሁ። ሎጎ፣ የማሸጊያ ዲዛይን፣ የሰርግ ጥሪ ካርድ። ቢሮ የለኝም፤ ላፕቶፕና ስልክ ይበቃኛል።

ዘንድሮ ኢንተርኔት ላይ ደንበኛ መፈለጉን ቀነስ አድርጌ የሙያ ሰው መፈለግ ያዝኩ። ፍሬው እየታየ ነው። አሁን አብዛኛው ሥራ የሚመጣልኝ በሌሎች ባለሙያዎች በኩል ነው። ፎቶ አንሺው «ሎጎ የሚሠራ ታውቃለህ?» ሲባል ስሜን ይሰጣል። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉ ለኅትመት ያልተዘጋጀለትን ሰው ወደ እኔ ይልካል።

ነገሩ የእኔ ዕድል ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። ወሬውን ቶሎ ቶሎ ከሚያገኙት ሰው የሰሙት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው የሰሙት። የቅርብ ጓደኛ የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን ነዋ! እዚህ ድሬ ያለን ዲዛይነሮች የምናውቃቸው ነጋዴዎች ያው ናቸው። ጅግጅጋ ወይም ሐዋሳ ያለ ባለሙያ ግን የሚሰማው ወሬ ሌላ ነው።

ታዲያ ከማያውቁት ሰው ጋር እንዴት ይጀመራል? «ሰላም፣ እንተዋወቅ» የሚል መልእክት ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ሥራውን አይቶ አንድ ነገር ለይቶ መጠየቅ ግን ይሠራል። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ላይ የልብስ ሰፊዎችን ፎቶ የምታነሳ ልጅ አለች። ኢንስታግራም ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «እህቴ፣ መንገዱ ጠባብ ሆኖ ፀሐዩም እየበረታ፣ ፊታቸው ላይ ጥላ ያልወደቀው በስንት ሰዓት ብታነሺ ነው?» በዚያው ቀን ረጅም መልስ ላከችልኝ። ከዚያ እሷም ስለ ፊደል ምርጫ ትጠይቀኝ ጀመር። በእሷ በኩል ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ የሐረሪ የሣር ስፌት ከሚሸጡ እናት ጋር ተገናኘን። ለስፌቶቹ የሚንጠለጠል ካርድ ፈልገው ነበር። ፎቶው የእሷ፣ ዲዛይኑ የእኔ ሆነ። የስፌቱ ቀለም በካርዱ ላይ እንዳይደበዝዝ ስንነጋገር ያመሸንባቸውን ቀናት በጣም ነው የምወዳቸው።

ለጨዋታው ቴሌግራምን የሚያህል አላገኘሁም። ሥራ ስትላላኩ ግን ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ ጥራቱ ይወርዳል፤ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ጉዱ ይወጣል። ሥራ ለማሳየት ቢሃንስን (ዲዛይነሮች ሥራቸውን የሚለጥፉበትን ድረ ገጽ) እጠቀማለሁ። ሊንክድኢን ለድርጅት ሥራ ጥሩ ነው፤ እኔ ገና አልገፋሁበትም።

አብሮ ሲሠራ የገንዘብ ነገር አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር። ደንበኛውን የሚያነጋግረው ማን ነው? ቅድመ ክፍያው ስንት ነው፣ ለማን ስንት ይደርሳል? ሥራው ሲለጠፍ የማን ስም ይጠቀሳል? በቴሌግራም አራት መስመር ይበቃል። ወዳጅነትን ከቅሬታ የሚያድነው ይህ ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ደግሞ ሥራ ለሰጠን ሰው ውጤቱን መልሶ ማሳየት ይገባል። ስሙን አምኖ ሰጥቶናልና።

አሁን ከፎቶ አንሺዋ ጋር ለሐረር ቡና ማሸጊያ እየሠራን ነው። የሚቀረን ጽሑፉን በሐረሪኛና በአፋን ኦሮሞ በትክክል የሚያርም ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ አገናኙን፤ ሥራው በክፍያ ነው።