ምኗን አይቼ ልልቀቃት?

የዓሣ አጥማጆቹ ሥልጠና ሐዋሳ ላይ፣ ከአሞራ ገደል ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ነበር። እኔ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። አሠልጣኙ ለአጥማጆቹ ያመጣላቸው ምሳሌ የአሜሪካው ሰማያዊ ሸርጣን ነው። ከሐይቃችን ምን አገናኘው ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ምሳሌውን ወድጄዋለሁ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው።

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሴት ሸርጣን ከወንድ የምትገናኘው በሕይወቷ አንዴ ነው፤ ያውም የመጨረሻውን ቅርፊቷን ስትቀይር። ዘሩን በሆዷ አቆይታ በኋላ ትጠቀምበታለች። እንቁላሎቿ ከሚሊዮን ሊበልጡ ይችላሉ። ከሆዷ ሥር ተጣብቀው እንደ ስፖንጅ ያብጣሉ። መጀመሪያ ብርቱካናማ ናቸው፣ ሊፈለፈሉ ሲሉ ይጠቁራሉ። አጥማጁ በዓይኑ ያያቸዋል። ከባሕረ ሰላጤው ግዛቶች አንዷ በሆነችው ሜሪላንድ ውስጥ እንቁላል የታቀፈችን ሸርጣን ይዞ መሄድ ክልክል ነው፤ ወደ ውኃው ትመለሳለች።

አሠልጣኙ እዚህ ላይ ሲደርስ፣ “እናንተም እንቁላል የያዘችውን ልቀቁ” አለ።

አንድ ሸምገል ያሉ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውን የሐይቃችንን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰው እጃቸውን አወጡ።

“ልጄ፣ ቆሮሶ እንቁላሏን የምትይዘው በአፏ ነው። መረብ ሲይዛት ትተፋዋለች። ጀልባዬ ላይ ስትደርስ አፏ ባዶ ነው። ምኗን አይቼ ልልቀቃት?”

“አባባ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው” አላቸው።

መጨረሻ ላይ ጊዜ የለም ተባለ። በሪፖርቱ ላይ ደግሞ “በአጥማጆች በኩል የግንዛቤ ክፍተት ታይቷል” ተብሎ ተጻፈ።

ክፍተቱ የማን ነበር? ሰውዬው በአንድ ጥያቄ የቀኑን ዋና ነገር ተናግረዋል። ማታ ተጥሎ ንጋት ላይ በሚወጣ መረብ ውስጥ ያደረች ቆሮሶ ብትለቀቅም አብዛኛውን ጊዜ አትተርፍም። ስለዚህ እሷን የሚያድናት ከተያዘች በኋላ መልቀቅ ሳይሆን አለመያዝ ነው። የመረቡ ዓይን ሰፋ ይበል፣ ሳትወልድ አትያዝ። ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍርበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ በመራቢያ ወቅት መረብ አይጎተትበት። ለቆሮሶ የሚሆነው ደንብ ከቆሮሶ አኗኗር ይነሣል እንጂ ከሸርጣን አይገለበጥም።

ከሸርጣኑ ታሪክ መወሰድ የነበረበት ሌላው ክፍል ነው፤ እሱ ግን በሩጫ ታለፈ። ምሳ ላይ ያነሡልኝም እኚሁ አጥማጅ ናቸው።

“እኔ ጠባቡን መረብ ባወጣ፣ ማዶ ያለው ቢጥለው ምን ጠቀመኝ?”

ሐይቁን ሲዳማና ኦሮሚያ ይጋሩታል። ቼሳፒክንም ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይጋሩታል። ሴቷ ሸርጣን ዘሩን ከያዘች በኋላ ወደ ደቡብ፣ ውኃው ጨዋማ ወደሆነበት ወደ ቨርጂኒያ ትወርዳለች። ሰሜኑ ያተረፋትን ደቡቡ ሊጨርሳት ይችላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 ሁለቱ ግዛቶች የሚያዙትን ሴቶች በ34 በመቶ ለመቀነስ አንድ ላይ ተነሡ። ቨርጂኒያ በብርዱ ወራት ሸርጣኖቹ ከጭቃ ውስጥ እየተቧጠጡ የሚወጡበትን ዘዴ ዘጋች። በቀጣዮቹ ዓመታት ሸርጣኑ አገገመ።

ይህንን ነገርኳቸው።

“ማን ነው ቀድሞ ያቆመው?” አሉኝ።

“አንድ ላይ ነው፣ አባቴ።”

“እንግዲያው ይኼን ነበር የሚነግረን።”

የሚቀጥለው ሥልጠና ዕቅድ ሰሞኑን ደርሶኛል፤ የተሳታፊዎቹ ስም ዝርዝር አሁንም የወዲህኛው ዳርቻ አጥማጆች ብቻ ነው። የማዶዎቹም እንዲጠሩ፣ የሰውዬውም ሁለት ጥያቄዎች ከጠዋቱ እንዲቀድሙ ጽፌ አስገብቻለሁ።